ትርፍ መኪናዬን የት ላሳድራት? ስለ አሮጌ መኪና ማቆያ ቦታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት አሮጌ መኪኖች አሉኝ። አንዷ የአባቴ ቮልስ ናት። ሌላዋን፣ ላዳዋን፣ የገዛኋት ጡረታ ከወጡ የታክሲ ሹፌር ነው። ለሥራ የምነዳው ደግሞ ሌላ ነው። እኔ የምኖርበት ቤት አንድ መኪና ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ከቦታ ቦታ ስንከራተት ነው የኖርኩት። አምስት ግቢ ቀያይሬያለሁ። አሮጌ መኪና የሚወዱ ጓደኞቼ ሲጨንቃቸው ይደውሉልኛል። የሚጠይቁኝም ነገር ተመሳሳይ ነው፤ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ ማግኘት ለምን ይህን ያህል ከበደ?

ሰፋፊ ግቢዎች እያለቁ ስለሆነ ነው። ቮልስ በየሰፈሩ በነበረበት ዘመን ብዙ ቤት ግቢ ነበረው። ሁለት ሦስት መኪና ዛፍ ሥር ቆሞ ማየት ብርቅ አልነበረም። ዛሬ በዚያው መሬት ላይ ፎቅ ቆሟል። እንደ ፒያሳና ካዛንቺስ ያሉ የድሮ ሰፈሮች በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ፈርሶባቸዋል፤ ከቤቶቹ ጋር ግቢዎቹም ሄደዋል። መንገድ ዳር ማቆምም እንደ ድሮው አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አሮጌ መኪና ያለው ሰው አሁን በቀላሉ አይለቃትም። የመኪና ማቆያ ፈላጊው በዝቶ ቦታው አንሷል።

ለአንድ መኪና ስንት ካሬ ያስፈልጋል?

ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ቮልስ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ10 ሳንቲም አይሞላም፤ ወርዷ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ላዳም በርዝመት እኩያዋ ናት፤ በወርድ በትንሹ ትበልጣለች። በሯን ከፍቶ ለመውጣትና ዙሪያዋን ለመዞር 5 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ይበቃል። ይህ 12 ካሬ ተኩል ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ስታቆሙ በመሀል ያለውን መተላለፊያ ስለሚጋሩ 5 በ4 ሜትር ተኩል ይበቃችኋል።

ቦታ ልታዩ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። የግቢውንም በር ለኩ። እኔ አንዴ የሚያምር ቦታ አግኝቼ ከተስማማሁ በኋላ ላዳዋ በበሩ አላልፍ ብላ ተመልሻለሁ።

ታዲያ የት ልፈልግ?

በመጀመሪያ የምታውቋቸውን ሰዎች አስቡ። አጎት፣ አክስት፣ የክርስትና እናት፣ የድሮ ጎረቤት፤ ልጆቻቸው ውጭ የሄዱባቸውና ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ ትልልቅ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ለእነሱ ግቢያቸው ውስጥ መኪና መቆሙ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ሰው መኖሩ፣ በወር ትንሽ ብር ማግኘታቸው ደስ ይላቸዋል። ከአምስቱ ቦታዎቼ ሦስቱን ያገኘሁት እንዲህ ነው። የመጨረሻዋ ባለ ግቢ አንዲት እናት ነበሩ። ከኪራዩ ይልቅ ቡና አብረን መጠጣታችንን ይወዱት ነበር።

ቀጥሎ የዕድር ጸሐፊ ጠይቁ። የት ቤት ባዶ እንዳለ፣ ማን ግቢ እንዳለው፣ ማን ችግረኛ እንደሆነ፣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ የሥራ ግቢዎች አሉ። ብሎኬት ማምረቻ፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ የዕቃ መጋዘን። ብዙዎቹ ጥግ ላይ የማይጠቀሙበት መሬት አላቸው፤ ማታ ደግሞ ዘበኛ አለ። ብሎኬት ማምረቻ ስትመርጡ ግን የሲሚንቶ ብናኝ ከእርጥበት ጋር ቀለም ላይ ሲደርቅ እንደሚጣበቅ እወቁ። መኪናዋን ከማሽኑ ራቅ አድርጉ።

ያላለቀ ሕንፃ ምድር ቤትም ይገኛል። ርካሽ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። ፓምፕ ከሌለው ሐምሌ ላይ ውኃ ይገባዋል። ሥራው የቀጠለ ለታ ደግሞ "ነገ አውጣ" ትባላላችሁ።

የቀን ፓርኪንግን እርሱት። ለሰዓት የተሠራ ዋጋ በወር ሲባዛ አይቻልም።

ደላላ ልጠቀም?

መጠቀም ይቻላል። ግን ደላላው የሚያውቀው የቤት ኪራይ ነው፤ ለመኪና ብላችሁ ስትጠይቁት የሱቅ ዋጋ ይነግራችኋል። ኮሚሽኑን በአንድ ወር ኪራይ ወስናችሁ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

ከከተማ ወጥቶ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ማስቀመጥ ያዋጣል?

ለአንዳንድ ሰው ያዋጣል። የመሬቱ ዋጋ ብቻ አይደለም ጥቅሙ፤ አየሩም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምቷ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ፣ አዳማ ደግሞ 1,700 ገደማ ናቸው። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር አየሩ እየሞቀና እየደረቀ ይሄዳል። ላሜራ ይህን ይወዳል። በአንጻሩ ሱሉልታ ቅርብ ናት፤ ግን ብርዱና ጭቃው ለአሮጌ መኪና አይሆንም።

ዋናው ጥያቄ "በወር ስንት ጊዜ እሄዳለሁ?" የሚለው ነው። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለደርሶ መልስ የምታወጡትን ቤንዚንና የፈጣን መንገዱን ክፍያ ኪራዩ ላይ ደምሩት። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ እዚያው ያልቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ርቀቱ ሰበብ መሆኑ ነው። "በሚቀጥለው ሳምንት" እያላችሁ ስድስት ወር ያልፋል። ባለቤቷ የማይጎበኛት መኪና ደግሞ ቀስ በቀስ የሌላ ሰው ትሆናለች። መጀመሪያ ስፖኪዮዋ፣ ቀጥሎ ባትሪዋ፣ ከዚያ ካርቡራተሯ ይሄዳል። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የራሳችሁን ዕቃ መልሳችሁ ልትገዙ ትችላላችሁ።

እኔ የምከተለው ደንብ አንድ ነው። ከቤቴ ተነስቼ በአንድ ሰዓት ውስጥ የማልደርስበት ቦታ መኪና አላስቀምጥም።

ኪራዩ ከአቅሜ በላይ ነው። እንዴት ላቃልለው?

ዋጋ እዚህ ብጽፍ በሚቀጥለው ወር ይለወጣል። ስሌቱን ግን ልስጣችሁ። የተጠየቃችሁትን ብር ለካሬው አካፍሉት። በዚያው ሰፈር ለመጋዘን በካሬ ከሚጠየቀው ጋር አስተያዩት። ክፍት መሬት ጣሪያ ካለው መጋዘን እኩል ሊከፈልበት አይገባም። ይህን በቁጥር ስታሳዩ ባለቤቱም ይረዳል።

ከዚያ ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው መጋራት ነው። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ግቢ ተከራዩ። ሦስት ሰው ለየብቻው ከሚከፍለው በጣም ያንሳል። ከሁሉም በላይ ሦስት ጥንድ ዓይን ይኖራል፤ አንዱ ባይሄድ ሌላው ሄዶ ያያል። መሣሪያም ትጋራላችሁ፦ ክሪክ፣ ካቫሌቶ (መኪና ተነስታ የምታርፍበት መቆሚያ)፣ የባትሪ ቻርጀር።

ሁለተኛው ጣሪያ መሥራት ነው። ይህን በጣም እወደዋለሁ። ባዶ ግቢ ላለው ሰው "ጣሪያውን እኔ ልሥራ፤ ስወጣ ላንተ ይቀራል፤ በምትኩ ኪራዩን ለተወሰነ ወር ተውልኝ" በሉት። አጠና፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የአናጺ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ባለ ግቢው ነጻ መጠለያ ያገኛል። እናንተ ደግሞ በክፍት መሬት ዋጋ ጣሪያ ሥር ታድራላችሁ። ወጪውን ደረሰኝ ይዛችሁ በውሉ ላይ አስገቡት።

ሦስተኛው የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ከፍሎ ዋጋ ማስቀነስ ነው። ይህን የምታደርጉት ግን ባለቤቱን በደንብ ካወቃችሁ በኋላ ይሁን።

ጋራዥ ውስጥ ብተዋትስ? መካኒኬ ወዳጄ ነው።

እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ላዳዋን አንድ ጋራዥ ውስጥ "ለሁለት ወር" ብዬ ተውኳት። ክረምት ገባ፤ ሥራ በዛብኝ፤ ሁለቱ ወር አምስት ሆነ። ስሄድ ከጣሪያው ሥር ወጥታ አጥር ጥግ ቆማለች። ቦታው ለሥራ ተፈልጎ ነው። አንድ መስኮት በትንሹ ወርዶ ቀርቷል። ምንጣፉ ረግረግ ሆኗል። ባትሪው የለም። የወሰደው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ አልተገኘም። በኋላ ወለሉን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ማስበየድ ከሁለት ዓመት ኪራይ በላይ አስወጣኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጋራዥ የሥራ ቦታ ነው። መኪና ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገፋል። የማትንቀሳቀስ መኪና እዚያ ውስጥ እንቅፋት ናት፤ የጎደለ ዕቃ ሲፈለግም ቅርብ የምትገኘው እሷ ናት። ወዳጅነቱ እንዲቆይ ብትፈልጉ አታስቀምጡ።

ውል መጻፍ ያስፈልጋል? ዘመድ ነው እኮ።

ያስፈልጋል። ለዘመድም ቢሆን አንድ ገጽ ጻፉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ልዩነት አለ። ቦታ መከራየትና መኪና በአደራ መስጠት በሕግ አንድ አይደሉም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኪራይንና አደራን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ቦታ ብቻ ከተከራያችሁ ባለቤቱ ያከራየው መሬት ነው፤ መኪናዋን የመጠበቅ ሥራ የእናንተ ነው። ባለ ግቢው መኪናዋን በአደራ ከተቀበለ ግን የመጠበቅና በተረከበበት ሁኔታ የመመለስ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ውሉ ላይ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ መኪናዋ ላይ ያሉ ዕቃዎች ዝርዝር፣ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ ለመውጣት የስንት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ፤ ሁለት ምስክር፤ ፊርማ። በዚያው ቀን ዙሪያዋን በስልክ ፎቶ አንሱ። ሊብሬውን መኪናዋ ውስጥ አትተዉ።

ክረምቱን እንዴት ታሳልፍ?

ብዙ ሰው ጣሪያውን ያያል፣ ወለሉን ይረሳል። አሮጌ መኪና የምትበሰብሰው ከታች ነው። ቮልስ ላይ በተለይ በሮቹ ሥር ያሉት ሙቀት የሚያልፍባቸው ቱቦዎች፣ ወለሉና ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የባትሪ መቀመጫ ቀድመው ይሄዳሉ። ሊሾ ወለል ካገኛችሁ እሰየው። አፈር ከሆነ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ ላዩ ላይ ጠጠር አፍስሱ፤ ጎማዎቹን ጣውላ ላይ አቁሙ። ውኃ ወደ መኪናዋ እንዳይመጣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ። ይህ ሁሉ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ላዩዋን በላስቲክ አትሸፍኑ። ላስቲክ ዝናብ ይከለክላል፤ ግን ከታች የሚወጣውን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል። ጠዋት ገልጣችሁ ብታዩ ላሜራው አልቦታል። ጣሪያ ካለ አቡጀዲ ይበቃል፤ አቧራ ይይዛል፣ ይተነፍሳል። ከመሸፈናችሁ በፊት አጥባችሁ በደንብ አድርቋት።

የእጅ ፍሬን ስባችሁ አትተዉ፤ ይነክስና አለቅም ይላል። ማርሽ ውስጥ አስገቡና ጎማ ሥር ታኮ አድርጉ። ጎማውን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ንፉት። ከሦስት ወር በላይ የምትቆም ከሆነ በካቫሌቶ አንሷት።

አይጥ ሽቦ በላብኝ። ምን ላድርግ?

ለቮልስ ጉዳዩ ከሽቦም ያልፋል። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አይጥ የማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ጎጆ ከሠራ አየሩ ይታፈናል፤ ሞተሩ ይግላል፤ እናንተም ሳታውቁ ታቃጥሉታላችሁ። የጭስ ማውጫውን አፍ በጨርቅ ድፈኑ፤ እንዳትረሱት ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። መኪናዋ ውስጥ የምግብ ፍርፋሪ አትተዉ። በአጠገቧ እህል ወይም የከብት መኖ የሚከመርበትን ቦታ አትምረጡ። ድመት ያለበት ግቢ ካገኛችሁ ደግሞ ለድመቷ ወተት ግዙላት፤ ከልቤ ነው የምለው።

ባትሪውስ?

ፈታችሁ ቤት ውሰዱት። ስርቆቱም ይቀራል፣ ሞቱም ይቀራል። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ወደ 12.4 ሲወርድ ሙሉት። ባዶውን ለወራት የቆመ ባትሪ አይመለስም። የቆዩት ቮልሶች፣ በተለይ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩት፣ ባለ 6 ቮልት ናቸው። ለ12 የተሠራ ቻርጀር አታስነኳቸው።

መልሳችሁ ስትገጥሙት ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪ ክዳን አትርሱ። የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሳል።

በየሳምንቱ ሄጄ ለአምስት ደቂቃ ማስነሳት ይበቃል?

ይህ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ ጭስ ማውጫው ውስጥና ዘይቱ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን አይመልስም። በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት ንዷት። ካልሆነ ጭራሽ አታስነሷት።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እዚያው ባቆማትስ?

አንድ መኪና ብቻ ካላችሁ ጥሩ። ለሁለተኛው ግን የነዋሪዎቹን ማኅበር አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ወሩን ሙሉ የማትነቃነቅ መኪና የጎረቤት ፀብ ታመጣለች፤ ልጆችም ኳስ ይጫወቱባታል።

የማልነዳት መኪና ቦሎና ኢንሹራንስ ለምን ላውጣላት?

ቦሎ የሌላት መኪና መንገድ ላይ አትወጣም። ድንገት ባለ ግቢው "ልቀቅ" ቢላችሁ በክሬን ነው የምታስነሷት። በየዓመቱ ለምርመራ መውጣቷ ደግሞ ለጤናዋ ይጠቅማታል፤ ፍሬኑንና መብራቱን እንድታስተካክሉ ያስገድዳችኋል። መንገድ ላይ የምትወጣ ከሆነ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው። ከዚያ በላይ ሙሉ ኢንሹራንስ ከከበዳችሁ ለእሳትና ለስርቆት ብቻ ሽፋን ይሰጧችሁ እንደሆነ ጠይቁ። የምትቆምበትን አድራሻም በትክክል አስመዝግቡ።

እኔ ዋሽንግተን ነው የምኖረው። የአባቴ መኪና እናቴ ግቢ ቆማለች። ምን ይሻላል?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል፤ ሁልጊዜም ልቤን ይነካኛል። ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ቤቱን ይሸጣል፣ የአባቱን መኪና ግን አይሸጥም።

መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክሉ። ሊብሬው አሁንም በሟች አባት ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ወጥቶ ስሙ መዛወር አለበት። ወንድማማቾች በስምምነት እያሉ አድርጉት። ከዚያ እዚህ ላለ የምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ። እዚያ ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተዘጋጅቶ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ውክልናው ላይ ቦሎ ማውጣት፣ ኢንሹራንስ መግባት፣ ማስጠገን፣ ቦታ መከራየት ይግባ። መሸጥን ግን ካልፈለጋችሁ እንዲጻፍ አትፍቀዱ።

ቀጥሎ ለእናታችሁ አስቡ። መኪናዋ ግቢውን ይዛባቸው ይሆናል፤ እናንተን ላለማሳዘን ዝም ብለው ይሆናል። ደውላችሁ ጠይቋቸው። የሚላክ ብር ካለ ለአቡጀዲና ለጣሪያ ይሁን፤ ለወጣት የሰፈር ልጅም በወር ትንሽ ከፍላችሁ በየአስራ አምስት ቀኑ ፎቶ ያንሳላችሁ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ብሸጣትስ?

ሁለት መኪና ኖሯችሁ ለሁለቱም ጣሪያ ማግኘት ካልቻላችሁ አንዷን ሽጡ። ይህን ስል ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። እኔም ሦስተኛ ነበረችኝ፤ ፔጆ 404። ውጭ ዝናብ ላይ ቆማ ሁለት ክረምት አየኋት። ሦስተኛው ሳይመጣ ሐረር ለሚኖር ሰው ሸጥኳት፤ እዚያ 404 አሁንም ይከበራል። ሥራ ላይ ናት ብሎ ፎቶ ልኮልኛል።

ከወራት በኋላ ሳወጣት መጀመሪያ ምን ልይ?

ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚያደርሱትን የጎማ ቱቦዎች በእጃችሁ ዳብሱ። ደርቀው ከተሰነጣጠቁ ለውጡ። ቮልስ ላይ ይህ ቱቦ የሚያልፈው ሞተሩ ጋ ነው፤ ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በርካሽ ቱቦ ምክንያት ነው። ሰርባቶዮው (የቤንዚን ታንኩ) ውስጥ የቆየውን ቤንዚን አሽትቱ፤ የቫርኒሽ ሽታ ካለው ቅዱት። የጭስ ማውጫውን ጨርቅ አውጡ። የማራገቢያውን ሽፋን በባትሪ መብራት ተመልከቱ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ይለወጥ። ከዚያ ግቢው ውስጥ እያላችሁ ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ርገጡት። ከያዘ በሩን አስከፍቱ።